ማንም ያልተረከበው ጠርሙስ

ሙሉጌጥ በሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሆና ስትቀጠር ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ሃምሳ ሞልቷታል። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው መሃል ከተማ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ወንድሞቿና እህቶቿ በሙሉ ንግዱ ውስጥ ሲቀሩ እሷ ብቻ የኬሚስትሪ ዲፕሎማዋን ይዛ ነጭ ጋውን ለበሰች። ዘመድ ሲሰበሰብ ምን እንደምትሠራ የሚያስረዳ ስለማይገኝ "እሷ እንኳ ትምህርት ቤት ናት" ተብሎ ይታለፋል።

ሥራዋ ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ ነው ብትል ማጋነን አይሆንባትም። በአንድ ጊዜ ስልሳ ተማሪ ይገባባታል፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ያላት ግን አሥራ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ታሰምራለች፤ መነጽር ያደረገ ከመስመሩ ወዲህ፣ ያላደረገ ከመስመሩ ወዲያ ይቆማል። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። አንድ ልጅ ዓይኑ ውስጥ አሲድ ቢገባበት የሚታጠብበት እንዳይጠፋ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውኃ ሞልታ መታጠቢያው አጠገብ ታስቀምጣለች። ከዚያ ውኃ መምህርም ቢሆን አይጠጣም። "አሲዱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አታፍሱ፤ የማታውቁትን አታሽትቱ፤ ፀጉራችሁን እሰሩ" ትላለች በየዓመቱ፣ በዚያው ድምፅ። ልጆቹ ከኋላዋ ድምፅዋን ሲያስመስሉ ትሰማለች፤ ቅር አይላትም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እሷ እጅ ላይ የተጎዳ ልጅ አንድ ነው፤ እሱም ጣቱን ትኩስ ብረት ነክቶት ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሮቢ የሚባል አዲስ የኬሚስትሪ መምህር ተመደበ። ሥራ ወዳድ ወጣት ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ሁሉ እንመዝግበው፣ የሚሠራውን ከማይሠራው እንለይ አላት። ዕቃ ቤቱ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ሲያራግፉ ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ከታችኛው መደርደሪያ ላይ የተሰባበሩ ሚዛኖች የታጨቁበት አሮጌ ሣጥን ሲስቡ፣ ከኋላው ግድግዳውን ተጠግቶ አንድ ቡናማ ጠርሙስ ወጣ። በመዝገብ አልሰፈረም። ከእሷ በፊት የነበረ ሰው ትቶት የሄደ መሆን አለበት። ጽሑፉ ደብዝዟል፤ አንገቱ ላይ፣ ክዳኑ ዙሪያ ቢጫ ነገር ደርቆ እንደ ጨው ጋግሯል።

ሮቢ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

"እጅህን መልስ" አለችው፤ አልጮኸችም።

"ክዳኑን ከፍቼ ምን እንደሆነ ልየው ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"አትክፈተው። አትንካው። ቀስ ብለህ ተነሣ።"

ተንበርክካ በስልኳ መብራት ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበበችው። ፒክሪክ አሲድ ይላል። ኮሌጅ ሳለች አንድ መምህሯ ስለዚህ ነገር ሲናገር ክፍሉ ጸጥ ብሎ እንደነበር ታስታውሳለች። ርጥብ ሆኖ ሲቀመጥ ገራም ነው። ዘመን ቆጥሮ ሲደርቅ ግን ፈንጂ ይሆናል፤ ክዳኑ ላይ የደረቀው ፍርፋሪ ሲፈተግ፣ ጠርሙሱ ሲወድቅ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ሲጋጭ ይበቃዋል። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው ብሎ ነበር መምህሩ፤ ባለበት ትቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ባለሙያ መጥራት።

በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ሙሉጌጥ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ጋውኗ ኪስ ከተተችው። ሮቢ ፊቱ አመድ መስሎ "ከዚህ ግድግዳ ጀርባ እኮ ዘጠነኛ 'መ' ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አለችው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሱልጣን ክፉ ሰው አይደሉም። ነገሩን ስታስረዳቸው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አዳመጧት፤ የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጧት። ደብዳቤውን ይዛ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። እዚያ የተቀበላት ሰው አገላብጦ አየውና "ይህ የሚወገድ ንብረት ነው፤ የአወጋገድ ኮሚቴ አለ" አላት። የኮሚቴው ጸሐፊ ሽታዬ የምትባል ትሑት ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

"ኮሚቴው ንብረቱን በዓይኑ ማየት አለበት" አለች ሽታዬ። "ወደዚህ አምጪው።"

"እንዳይነቃነቅ ብዬ ነው የመጣሁት፣ እህቴ።"

"ገብቶኛል። መመሪያው ግን ሳይታይ አይወገድም ነው የሚለው።"

"እንግዲያው እነሱ መጥተው ይዩት።"

"አደገኛ ከሆነማ እንዴት አድርጌ ሰው እልካለሁ?" አለች ሽታዬ፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ከዚያ እሳት አደጋ ሄደች። ተረኛው "አሁን እየነደደ ነው?" አላት። አይደለም አለች። "ሲነሣ ደውሉልን፤ በአሥር ደቂቃ እንደርሳለን።" ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ቦምብ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ቦምብ ነው እንዳትል ሐሰት መሰላት፣ አይደለም እንዳትል ሐሰት መሰላት፤ ስታመነታ መዝገቡን ዘጉት። በሮቢ በኩል አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተገኘና መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አየው፤ አልገባም። "ልክ ነዎት፣ አይነካ። ይህን የሚያነሡ ሰዎች አዲስ አበባ ናቸው፤ እኔ እጽፍላቸዋለሁ" አለ። በወሩ ስትደውልለት ስልኩ ዝግ ነበር። በኋላ ሮቢ ሰውየው ለትምህርት ውጭ አገር መሄዱን ነገራት።

እስከዚያው ልጆቹን ከግድግዳው ማራቅ አለብን ብላ አቶ ሱልጣንን ለመነች። ተርፎ የቆመ ክፍል ስላልነበረ ዘጠነኛ 'መ' ከግቢው ዛፍ ሥር ወጣ። አሥር ቀን ያህል ደኅና ተማሩ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ወላጆች ልጆቻችን ለምን ውጭ ይማራሉ ብለው ሲያጉረመርሙ አቶ ሱልጣን እውነቱን ቢናገሩ ግቢው እንደሚሸበር ፈሩ፤ ባይናገሩ ምክንያት አጡ። ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። "ምን ላድርግ፣ ሙሉጌጥ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" አሏት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት አመነመኗት። ዕቃ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም "አትግቡ" ብላ ጻፈች። ዘጠነኛ 'መ'ዎች ሲወጡ የክፍላቸውን በር በኃይል ስለሚዘጉት በየዕረፍቱ እየሄደች ራሷ ትይዝላቸዋለች። ልጆቹ አክብራን ነው ብለው "እግዜር ይስጥልን" ይሏታል። የትምህርት ቤቱን ፊት ለፊት መንገድ ሊያነጥፉ ትልቅ መዳመጫ ማሽን ሲመጣ መሬቱ ሥር ሥሩን ሲርድ ተሰማት። ወጥታ ኦፕሬተሩን ለመነችው። ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ በትዕግሥት ሰማት።

"እማማ፣ እኔ የታዘዝኩት እዚህ ድረስ ነው" አለ በእጁ እያሳየ። "ልጆቹን ለሁለት ቀን ቤት ብታስቀሯቸውስ?"

ሥልጣኑ የላትም። ተመልሳ የጠርሙሱ ክፍል በር አጠገብ ወንበር አስጠግታ ተቀመጠች፤ ለምን እንደተቀመጠች ግን ለራሷም አልገባትም፤ ቢፈነዳ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት እንጂ የምታድነው ሰው የለም። ቤት ስትገባ ባሏ ወልደአማኑኤል "ሙሌ፣ ከስተሻል፤ ሥራውን ተዪው" ይላታል። "እኔ ብተወው ጠርሙሱ ይተዋል?" ትለዋለች።

ግንቦት ላይ ታይፎይድ ያዛት። መጀመሪያ አልሄድም ብላ ሁለት ቀን በትኩሳት ሥራ ገባች፤ በሦስተኛው ቀን ወልደአማኑኤል ጫማዋን ደበቀባት። ስድስት ቀን ተኛች። ቁልፉን ትራሷ ሥር አድርጋው ነበር፤ ማንም እንዳይከፍት ይህ ይበቃል ብላ አመነች።

በሰባተኛው ቀን ትምህርት ቤት ደረሰች። የዕቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መቆለፊያው ተሰብሮ መሬት ወድቋል። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ በአዲስ መማሪያ መጻሕፍት ተሞልቷል፤ መደርደሪያዎቹም የሉም።

የንብረት ክፍሉ ፍቅሬ መጻሕፍቱን እየቆጠረ ነበር። "እንኳን ማረሽ" አላት። "መጽሐፉ ድንገት በሁለት መኪና መጣ፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። የት ላድርገው?"

"ጠርሙሶቹስ?"

"አሮጌውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አስወጣነው። አምስት የቀን ሠራተኛ ነበር፤ በሁለት ሰዓት ጨረሱት።"

"ቡናማው፣ ታች የነበረው?"

"እኔ ቡናማ ከነጭ አልለየሁም። ሁሉም ወጣ።" ፊቷን ሲያይ እስክሪብቶውን አቆመ። "ደብዳቤ ሲመላለስ አይቻለሁ። ግን ሰባት ወር አለፈው እኮ፣ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ያነሣው የለም። ቀልድ መስሎኝ ነበር።"

መጻሕፍቱ በመጡበት ቀን ሮቢ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር፣ አቶ ሱልጣን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሲሰሙ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጥቂት ቆይተው ግን "ቢያንስ ከልጆቹ ራቀ" አሉ፤ ሙሉጌጥ የተናገሩትን እንዲመልሱት ፈልጋ አየቻቸው። እሳቸውም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከረጢቶቹን ያነሡትን ባለጋሪ በዘበኛው በኩል አገኘቻቸው። ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ስትነግራቸው በድንጋጤ በቅሏቸውን ማሰሩን ተዉት። ወደ ቆሻሻ መጣያው ሊወስዱ ተነሥተው ነበር፤ ግን መንገድ ላይ ቆራሌዎች አስቆሟቸው። ቆራሌዎቹ አሮጌ ጠርሙስና ቆርቆሮ እየለቀሙ የሚሸጡ ልጆች ናቸው። የሚጠቅማቸውን መርጠው ወሰዱ፤ የቀረውን ሽማግሌው ደፉት።

"ዳገት ቁልቁለቱን ሁሉ ሲንገጫገጭ ነው የሄደው፣ ልጄ" አሏት። "ምንም አልሆነም። ምናልባት የፈራሽው ነገር ሞቶ ይሆናል።"

ምናልባት። ወይም ሰውየው ከነበቅሏቸው በአንድ ድንጋይ ልዩነት ተርፈዋል። እሷም ልትነግራቸው አልቻለችም፤ አታውቅምና።

ከሮቢ ጋር ቆሻሻ መጣያው ላይ አንድ ሙሉ ቀን በእንጨት እያገላበጡ ፈለጉ። ከትምህርት ቤቱ የወጡ ብዙ ጠርሙሶች አገኙ፤ እሱን አላገኙም። እንደገና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። አሁን ደግሞ ተረኛው "ዕቃው የት ነው ያለው?" ብሎ ጠየቃት። የት እንዳለ አይታወቅም አለች። "የት እንዳለ ለማይታወቅ ዕቃ ምን ብዬ ልመዝግብልሽ?" አላት፤ ሊያሾፍባት አልነበረም። በመጨረሻ ስልክ ቁጥሯን ወሰደ።

ቆራሌዎቹ የሚያስረክቡት ገበያ ውስጥ ላሉ ጠርሙስ ሻጮች መሆኑን ሰምታ ቅዳሜ ወደዚያ ወረደች። ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየጠየቀች ሙንተሃ የምትባል ወጣት እናት ዘንድ ደረሰች። ሙንተሃ ለዘይትና ለማር የሚሆን ጠርሙስ አጥባ ትሸጣለች፤ ሕፃኗን ጀርባዋ ላይ አዝላለች፤ ዙሪያዋን ሁሉ ጠርሙስ ነው።

"አንገቱ ላይ ቢጫ የደረቀበት ቡናማ ጠርሙስ አይተሻል?"

ሙንተሃ አሰበች። "ቡናማ ብዙ ይመጣል፣ እትዬ። ቢጫም፣ ጥቁርም፣ ሁሉም ያለበት ይመጣል። እኛ በሽቦ ፈትገን እናጥበዋለን።"

ሙሉጌጥ ከመሬት ተቀመጠች። ነገሩን ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብላ፣ ለተማሪ እንደምታስረዳ አድርጋ ነገረቻት። የማታውቂውን አትክፈቺ፤ የጋገረ ነገር ካየሽ አትፈትጊው፤ ባለበት ትተሽ ሕፃኑን ይዘሽ ራቂና ጥሪኝ አለቻት። ቁጥሯን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችላት። ሙንተሃ በአክብሮት አዳመጠች፤ "እሺ እትዬ፣ ስለ ልጄ አስበው ነውና አላህ ይስጥዎት" አለች። ገዢ ሲመጣም ተነሥታ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሉጌጥ ተመልሳ መጣች። ሙንተሃ ከሩቅ አይታት ፈገግ አለች፤ ከመደቡ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ቡናማ ጠርሙሶች አወጣች።

"ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው" አለች። "ይኸው፣ እንዳያስቸግርዎት አጥቤያቸዋለሁ።"

ሦስቱም እንደ መስተዋት ያበራሉ። ጽሑፋቸው ተልጧል፤ አንገታቸው ላይ ምንም የለም። ከእነሱ አንዱ ያ ጠርሙስ ይሁን አይሁን ሊለየው የሚችል ሰው የለም። ሙሉጌጥ አንዱን አንሥታ ወደ ፀሐይ አድርጋ አየችው፣ መልሳም አስቀመጠችው።

"አልሆኑም?" አለች ሙንተሃ፣ ደግ ሥራዋ እንዳይባክን እየፈራች።

"አላውቅም፣ ልጄ" አለቻት ሙሉጌጥ። ሕፃኑ እጁን ወደ ጠርሙሶቹ ሲዘረጋ እጁን ያዘችለት፤ ገበያው እስኪሳሳ ድረስም እዚያው ቁጭ ብላ የሚመጣውን ጠርሙስ አንድ በአንድ ስታይ ዋለች።