አንድ አንጀት፣ አራት ስም

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ባለ ክሊኒክ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሐኪም ካርዴን ገልጣ፣ «አባባ፣ ሕመምዎ እስከ ዛሬ ሲባል የነበረው የትልቁ አንጀት ቁስለት አይደለም፤ ክሮንስ የሚባለው ነው» አለችኝ። ከዓመታት በኋላ ቀጭኑ አንጀቴም ቆስሎ ስለተገኘ ስሙ መቀየሩን፣ ይህም በብዙ ሕሙማን ላይ እንደሚደርስ በትሕትና አስረዳችኝ። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ተነሥቼ ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። ለሕመሜ ይህ አራተኛ ስሙ ነው።

የመጀመሪያው አሜባ ነበር። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ደቅ ደሴት ላይ ዲያቆን ነበርሁ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ደም ያስቀምጠኛል። ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባምና ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ የጓደኞቼን ዜማ እሰማ ነበር። በጀልባ ባሕር ዳር እየተሻገርሁ የምውጠው ክኒን ሳምንት ሙሉ አፌን ሚስማር ሚስማር ያሰኘዋል። አራት ጊዜ ተመላለስሁ፤ አራቱንም ጊዜ አሜባ ነው ተባልሁ። በመጨረሻው እጅህን አትታጠብም ወይ ብለው ተቆጡኝ። እናቴ ይህን ሰምታ የሐይቁን ውሃ አፍልታ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልላ ትሰጠኝ ጀመር። ጥፋቱ የእሷ መስሏት ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሱሪዬ ከወገቤ አልቆም ሲል አጎቴ ይዞኝ ትልቅ ሐኪም ዘንድ ቀረብሁ። ሆዴን ዳሰሱ፣ ራጅ አዩ፤ «የአንጀት ቲቢ ነው» አሉ። ይመስለኛል አላሉም። ሌላም ሊሆን ይችላል፣ እያደር እናያለን አላሉም። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ እንደሚመሳሰሉ፣ ጎበዝ ሐኪምንም እንደሚያሳስቱ ዛሬ አውቃለሁ። በመሳሳታቸው አልተቀየምሁም። የተቀየምሁት በዚያች «ነው» ነው።

ስንመለስ አጎቴ ቲቢ መያዜን በጀልባው ላይ ለተሳፋሪው ሁሉ ተናገረ። መስከረም ነበር፤ ደቅ ስንደርስ የዳጉሳው ማሳ ለምልሞ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። እናኑ የምትባል የቄስ ልጅ ታጭታልኝ ነበር። ዲያቆን የሚቀስሰው ካገባ በኋላ ነውና፣ ከሠርጉ ጋራ ቅስናዬም ተንጠልጥሎ ነበር። ደግሞም እወዳት ነበር፤ ምን አስደበቀኝ።

አባቷ በሳምንቱ ቤታችን መጡና ከደጅ ቆሙ። አባቴ የታመምሁት አንጀቴን እንጂ ሳል እንኳ እንደሌለብኝ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ደሙ ከመቀመጫዬ እንደሚወርድ ሳይቀር ነገራቸው።

«መሪጌታ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉት። «ሐኪሙ ነው ካለ ነው።»

ስድስት ወር ሽንቴን የሚያቀላ ክኒን ዋጥሁ። ደሙ አልቆመም። አዲስ አበባ ተልኬ አንጀቴ በካሜራ ሲታይ ቲቢ አልነበረም፤ ሦስተኛውን ስም፣ ቁስለት የሚባለውን፣ ይዤ ተመለስሁ። ትልቁ ሐኪም ካርዴ ላይ የነበረውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዙት። ቲቢ እንዳልነበረብኝ የሚገልጽ ወረቀት ይጻፉልኝ ብዬ ለመንኋቸው።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለአማቴ።»

ሳቁ። አዎ፣ ሳቁ። ደቅ ስደርስ እናኑ ለሌላ ዲያቆን ተድራ ወር ሆኗት ነበር። እኔም ቅስናውን ትቼ ባሕር ዳር አስተማሪ ሆንሁ፤ ኋላም አግብቼ ወለድሁ። በኑሮዬ አላማርርም፤ የተመኘሁት ግን እሱን አልነበረም።

ከክሊኒኩ እንደ ወጣሁ ንዴቴ እንዲበርድልኝ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው ወረድሁ። የደቅ ጀልባ ሰው እያራገፈ ነበር። ከወረዱት አንዷ እናኑ ነበረች፤ ሸብታለች፣ የልጅ ልጅ አቅፋለች። አወቀችኝ፤ ደስም አላት። ግን ልትስመኝ አልቀረበችም። ነጠላዋን በሕፃኑ አፍንጫ ላይ ሳብ አደረገችና «ሳንባህስ ተሻለህ ወይ?» አለችኝ።

ከየትኛው ስም ልጀምርላት? «ተሽሎኛል» አልኋት።

ሐኪሞቹ ካርዳቸውን አርመው አርፈዋል። ደቅ ያለውን ማን ሄዶ ያርምልኝ?