ኦቦ ደቻሳ፣ የገፈርሳ መንገዱ ትል ሻጭ

ሱሉልታ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ባለፈው ወር ስለ አፈር ስናጠና፣ ተማሪዎቼ ከየቤታቸው ትንሽ ትንሽ አፈር ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር። የትምህርቱን አካሄድ በደንብ አሰናድቼው ነበር፤ መጀመሪያ አሸዋማውን፣ ቀጥሎ ሸክላማውን፣ በመጨረሻ ጥቁሩን እናያለን ብዬ። ነገር ግን ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ የያዘችውን የቲማቲም ቆርቆሮ ስትከፍተው አካሄዱ ሁሉ ጠፋኝ። ከበረት አጠገብ የተዛቀ፣ ፍግና የበሰበሰ ገለባ የሞላበት እርጥብ አፈር ነበር። ሽታው አይከፋም፤ ዝናብ የነካው የከብት ቤት ይሸታል፣ ትንሽም አተላ አተላ ይላል። መካከሉ ላይ አንድ ቀይ ትል ይጥመለመላል። ልጆቹ "እትዬ፣ ትል! ትል!" እያሉ ሲንጫጩ እኔ ቆርቆሮውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ቆምኩ።

እንዲህ የሚሸት የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር፣ የኦቦ ደቻሳ ሱቅ ጓሮ።

ሱቁ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ሱቅ ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የሳንቃ መስኮት። መደርደሪያው ላይ ክብሪት፣ ጨው፣ ሳሙናና በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ተደርድሯል፤ ከበሩ ጀርባ የላምባ በርሜል ቆሟል። ልዩነቱ የሚታየው ቀና ሲሉ ነው። ከጣሪያው ማገር ላይ ረጃጅም የሸምበቆ ዘንጎች ተንጠልጥለዋል። ከግድግዳው ላይ ናይለን ክር በእንጨት ተጠምጥሞ ይታያል፤ ከሥሩ መንጠቆዎች ከትንሹ እስከ ትልቁ ቡሽ ላይ ተሰክተዋል። ሱቁ ከገፈርሳ ግድብ ብዙ አይርቅም ነበርና፣ ከአዲስ አበባም ከቡራዩም ለዓሣ የሚሄድ ሁሉ በዚያ ያልፋል።

ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ ሰው፣ አጥማጅ ከሱቅ የሚፈልገው መንጠቆና ክር ይመስለዋል። እሱማ መርካቶም ይገኛል። አጥማጅ የሚፈልገው ሕይወት ያለው ትል ነው። በክረምት ትል የትም ይዛቃል። ዓሣ የሚናፈቀው ግን በሁዳዴ ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ የሚውለው በጋው ገፍቶ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ትሉም ዶማ የማይደርስበት ድረስ ሲወርድ ነው። ሰው አጥብቆ በሚፈልገው ጊዜ ነገሩ ከምድር ይጠፋል ማለት ነው። ኦቦ ደቻሳ ለዚህ መላ ያገኙለት ከጓሯቸው፣ ከእንሰቶቹ ጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ነው። ፍግ፣ የተከተፈ ገለባና አተላ እያፈራረቁ ይደርቡበታል፤ ከላይ በእርጥብ ጆንያ ያለብሱትና ጠዋት ማታ ውሃ ይረጩበታል። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ፣ "እኔ ጠማኝ ብለው አይሰማኝም፤ ትሎቹ ጠማቸው ካልኩት ባልዲ ይዞ ይሮጣል" እያሉ ለገበያተኛው ያሟቸው ነበር።

ከትሉ ሌላ ሱቁ የሚሰጠው ነገር ነበረው፤ የውሃውን ወሬ። ኦቦ ደቻሳ አንድ እግራቸው ስለሚያነክስ እስከ ግድቡ አይሄዱም። ውሃውን የሚያዩት በደንበኞቻቸው ዓይን ነው። ትሉን ቆርቆሮ ውስጥ ጨምረው፣ በላዩ እርጥብ አፈር አልብሰው፣ "የት ልትቀመጥ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሲመለሱ ደግሞ ሱቁ ደጃፍ ቆም ብሎ ያዩትን ሳይናገሩ ማለፍ ነውር ነበር። ውሃው ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? ዓሣው ከድንጋዩ ነው ወይስ ከሣሩ? ያንን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ለሚቀጥለው ሰው ይነግሩታል። ሰዉ ለትሉ ቢመጣም፣ ደጋግሞ የሚመልሰው ይኸው ቃላቸው ይመስለኛል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት እናቴ ታናሽ ወንድሜን በወለደች ዓመት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ምጡ ጸንቶባት ብዙ ደም ፈሷታል። ያያት ድሬሰር ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ አዘዘ። የንስሐ አባታችንም መጥተው፣ "አራስ ጾም የለባትም፣ ብዪ!" ብለው ተቆጡ። እናቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም፤ ወተት ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። "አይወርድልኝም፣ ምን ላድርግ" ትላለች። ጡቷ እየደረቀ ሄደ፤ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። በመጨረሻ አባ፣ "እሺ፣ ዓሣስ?" አሏት። ባደገችበት አገር ዓሣ በጾም ይበላ ነበር። "ዓሣ ከሆነ እሞክራለሁ" አለች። አባ ሲወጡ አባቴን ከበር ላይ ያዝ አድርገው፣ "በል እንግዲህ፣ ጴጥሮስን ሁን" አሉት።

አባቴ ጴጥሮስ አልነበረም። ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጣ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ፣ ዓሣ ሲበላ እንጂ ሲያዝ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከሐይቅ ተጭኖ አዲስ አበባ የሚሸጠው ዓሣ ደግሞ የኛ ቤት አቅም አልነበረም። ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን እንደለበሰ እጄን ይዞኝ ኦቦ ደቻሳ ሱቅ ገባ።

"ምን ልስጥህ ጸሐፊ? ቀለም አለቀ?" አሉት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ጸሐፊ" እያለ ነበር የሚጠራው።

"ትል ፈልጌ ነበር።"

"አዴ ጫልቱ! ነይ ስሚ፣ መንግሥት ትል ፈልጓል!"

አባቴ የእናቴን ነገር ሲነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። አንድ ዘንግ ከማገሩ አውርደው፣ መንጠቆ እንዴት እንደሚታሰር ባንኮኒው ላይ ደጋግመው አሳዩት። ቡሹ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እንዴት እንደሚጠበቅና ሲሰምጥ እንዴት ሳይቸኩሉ እንደሚሳብ ነገሩት። "ሰው ሁሉ ከግድቡ ግንብ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ከዚያ ጀምር፤ ያየኸውን ንገረኝ" ብለው ሸኙት። አባቴ በኮት ትል ይዞ መታየቱን ስላፈረበት ቆርቆሮውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ቡሹ አንዴም አልነቃነቀም። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ በስተጀርባ እስክትገባ ቁጭ አልን። ስንመለስ ኦቦ ደቻሳ ደጃፋቸው ቆመው ይጠብቁን ነበር።

"እህ፣ ጸሐፊ?"

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። "ሁለት ይዤ ነበር። ትንንሽ ስለሆኑ ለግድቡ ዘበኛ ሰጠኋቸው።"

"ከግንቡ አጠገብ?"

"ከግንቡ አጠገብ።"

"ተመስገን! ታዲያ ዓሣው ከዚያው ነው" አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው።

እኔ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ግን መንገድ መንገዱን ያያል። ሰው ፊት ባዶ እጅ መታየት ለእሱ ከባድ ነበር። ያላሰበው ነገር ግን ውሸቱ ራሱን እንደሚያስረው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኦቦ ደቻሳ የተመረጡ ትሎች አስቀምጠው ጠበቁት። "በል፣ የያዝክበት ቦታ ሂድ" አሉት። ሌላ ቦታ ይንገሩኝ ለማለት መጀመሪያ እንደዋሸ መናገር አለበት። ስለዚህ ግንቡ አጠገብ ሄደን ተቀመጥን፤ ምንም አላገኘንም። ሲመለስም ውሸቱ ላይ አንድ ዓሣ ጨመረበት። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሆነ። እናቴ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ከአልጋዋ ተደግፋ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ በኑግ ዘይት አቁላልታ ትጠብቀናለች። ባዶ እጃችንን ስንገባ ድስቱን አውርዳ፣ "ሽንኩርቱም ጥሩ ነው" ትልና በእንጀራ ትበላዋለች። ድምፅዋ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ አባቴ ለቅዳሜው ትል እንዲያስቀምጡለት ሊነግራቸው ወደ ሱቁ ጎራ አለ። ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪክ መካኒክ ሰይቼንቶ መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል። እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ እየመጣ የሚያጠምድ የሱቁ የቆየ ደንበኛ ነው።

"ደቻሳ! አንተ ግንብ ጋ ሂድ አለ፣ እኔ ሄደ! ሙሉ ቀን ቁጭ! ዓሣ የለም፣ ድንጋይ ብቻ!"

"እንዴት ይሆናል ሙሴ? ጸሐፊው ይኸው፤ በየሳምንቱ ከዚያ ነው የሚይዘው።"

ሙሴ ኮስታ ወደ አባቴ ዞረ። "የት ነው? አሳየኝ! ስንት ያዘ?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊጨምርበት መሆኑን ከፊቱ አወቅሁ። ጠዋት እናቴ ሕፃኑን ይዛ፣ ጡቷን ጨምቃ ጨምቃ ጠብ የሚል ሲጠፋ ዓይኗን ስትጨፍን አይቻታለሁ። አፌ ራሱ ተከፈተ።

"አባዬ አንድም አልያዘም! እማዬ ሽንኩርት ብቻ ነው የምትበላው!"

 ኦቦ ደቻሳ ቀስ ብለው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ዱጋ?" አሉኝ፤ እውነት ነው? ማለታቸው ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ አባቴን አዩት። የሚሰድቡት መስሎኝ እግሩን አቀፍኩ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?" አሉት።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ይቅር ይበሉኝ ኦቦ ደቻሳ።"

"ያዝኩ የሚለኝማ ሞልቷል ልጄ። አጣሁ የሚለኝ ነው የቸገረኝ። ያን ቀን አጣሁ ብትለኝ ኖሮ በማግስቱ ሌላ ቦታ ትሄድ ነበር፤ ሚስትህም ይሄኔ በልታለች።" በቁጣ አልተናገሩትም። ሲያስቡ የነበሩ ይመስላል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። "ግንቡ ጋ ከሌለ፣ ውሃው ስለሸሸ ነው። እንግዲያው ወንዙ ወደሚገባበት፣ የውሃ ሣሩ፣ ፊላው ወዳለበት ሄዷል። እዚያ ነው።"

"ትል ስጠና!" አለ ሙሴ ኮስታ።

ችግሩ ትል አለመኖሩ ነበር። ሁዳዴው ተጋምሶ ጉድጓዱ ተራቁቷል። ከሥር የቀረው፣ ክረምት እስኪገባ እንዲራባ ኦቦ ደቻሳ የማይነኩት የዘር ትል ብቻ ነው። ገበሬ የዘር እህሉን እንደማይበላ ሁሉ እርሳቸውም ያንን ለማንም ሸጠው አያውቁም። አካፋ ይዘው ወደ ጓሮ ሲያነክሱ አዴ ጫልቱ ተከተሏቸው።

"የዘሩን ልታወጣ ነው? ለከርሞ ምን ልትሸጥ?"

"ሕፃን እያለቀሰ ለከርሞ አይታሰብም" አሏቸው፣ ጆንያውን እየገለጡ።

ያ ሽታ ያኔ ነው ወደ ውስጤ ገብቶ የቀረው።

ሙሴ ኮስታ እየተነጫነጨ ሁላችንንም በሰይቼንቶው ጫነን። "ጸሐፊ ትልቅ ውሸታም ነው! ግን እናት ትብላ፣ ቶሎ ግባ!" ይላል መሪውን እየደበደበ። ኦቦ ደቻሳም ከፊት ተቀመጡ፤ የገፈርሳን ውሃ በራሳቸው ዓይን ሲያዩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊላው አጠገብ አባቴ ክሩን ጥሎ ገና ሳይረጋጋ ቡሹ ሰመጠ። "አትቸኩል! አትቸኩል!" ይላሉ ኦቦ ደቻሳ፣ እርሳቸው ራሳቸው በአንድ እግራቸው እየዘለሉ። የወጣው ዓሣ ክንዴን ያህላል፤ ፀሐይ ላይ ጎኑ ነሐስ ይመስላል። ከእርሱ በኋላም ሌሎች ወጡ። ሙሴ ኮስታ የራሱንም ድርሻ እኛ ከረጢት ውስጥ ጨመረው።

እናቴ ያን ማታ ድስቱን እስከ ግርጌው ጠረገችው። በማግስቱም፣ በሌላውም ቀን በላች። ፋሲካ ሳይደርስ ወንድሜ ጡት ጠግቦ መተኛት ጀመረ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ከገፈርሳ ሲመለስ ከቤት በፊት የሚገባው ኦቦ ደቻሳ ሱቅ ነው፤ በባዶ እጁም ቢሆን። ጉድጓዱ ክረምት እስኪበረታ ድረስ ባዶውን ከረመ። ኦቦ ደቻሳ ትል ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ዘንድሮ አልቋል" ከማለት በቀር የት እንደሄደ ለማንም አልተናገሩም።

ኦቦ ደቻሳ ያረፉት እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው። ለቀብራቸው አልደረስኩም። ሱቁን አሁን ዘመዳቸው ይዞት ባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ጫማ ይሸጥበታል፤ ጉድጓዱ ተደፍኖ ጎመን ተተክሎበታል።

ከአፈሩ ትምህርት በኋላ በመጣው እሑድ ቤተሰቤን ልጠይቅ ቡራዩ ሄጄ ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ አባቴ ዘንጉን ተሸክሞ ከግድቡ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ከረጢቱ ትከሻው ላይ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል። ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ፣ አዲስ ዘንግ የያዘ የማናውቀው ወጣት ከፊታችን ቆመ።

"ጋሼ፣ ምን ያዙ?"

ከድሮው የኦቦ ደቻሳ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። አባቴ ዘንጉን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አቆመ።

"ምንም!" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ከጠዋት ጀምሮ ምንም። በግድቡ ምሥራቅ በኩል አትልፋ፣ ውሃው ደፍርሷል።"

ወጣቱ እጅ ነስቶ አመሰገነውና በሌላኛው መንገድ ሄደ።