አረንጓዴው «ተልኳል»

ወይ ነዶ! ሰው በስንፍናው ቢጸጸት አንድ ነገር ነው። እኔ የምጸጸተው ጎበዝ ተብዬ በተጨበጨበልኝ ሥራ ነው።

ሶዶ ውስጥ ለአንድ ሆስፒታል ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ከገጠር ጤና ጣቢያ ሪፈር የተባለ ታካሚ ሳይደርስ መረጃው ቀድሞት እንዲደርስ ማድረግ። በተለይ ደም የሚያስፈልጋት ወላድ ስትመጣ የደም ዓይነቷ አስቀድሞ ከታወቀ፣ አምቡላንሱ ገና መንገድ ላይ እያለ ሆስፒታሉ ለጋሽ ይጠራላታል። ከዚያ በፊት ይሄን ሁሉ የሚሠራው ስልክ ነበር።

ከዲምቱ ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ስትደውል ድምጿ ኮሪደሩን ይሞላዋል። የእናትየዋን ስም፣ የባሏን ስም፣ የደሟን ዓይነት፣ ስንተኛ ልጇ እንደሆነ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። አማርኛዋ ደግሞ የትምህርት ቤት ነው፤ ስትቸኩል ሴቷን ወንድ ታደርጋታለች፣ ሲጨንቃት በወላይትኛ ትጨርሰዋለች። እኔ ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ ሰው፣ ቤታችን አማርኛ ብቻ ስለሚነገር ከሰላምታ የማያልፍ ወላይትኛ ይዤ፣ በሷ አማርኛ እስቅ ነበር። ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል።

ፕሮግራሙን ልጭንላት የሄድኩ ዕለት አፌን ሞልቼ ተናገርኳት። የሰው ምስጢር በስልክ አይጮኽበትም፣ ካሁን በኋላ መደወል የለም አልኳት። ከኔ ፕሮግራም የሚወጣው መረጃ ተመስጥሮ ነው የሚሄደው፤ መሃል ላይ የጠለፈው ሰው ቢኖር ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው የሚያገኘው። መረጃው ከመነሳቱ በፊት ደግሞ የሷ ኮምፒውተር የሆስፒታሉን ኮምፒውተር መታወቂያ ይጠይቀዋል። ማን እንደሰጠው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል አይቶ ካላመነው አንዲት ቃል አይነግረውም። ይሄን ሁሉ ስደረድርላት ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መድረሱን በምን አውቃለሁ?»

«አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣልሻል። ተልኳል ካለሽ አለቀ።»

ጉዱ ያለው እዚች ላይ ነው። መጀመሪያ ስጽፈው «ተልኳል» የሚለው ከሆስፒታሉ መልስ ሲመጣ ብቻ እንዲታይ አድርጌው ነበር። ለአለቆች ሳሳያቸው ግን ኔትወርኩ ተንቀራፈፈና ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ቀረን። አንዱ ይሄ ታዲያ ከስልኩ በምን ተሻለ አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። እልህ ያዘኝ። ያን ዕለት ከሰዓት፣ «ላክ» የሚለው እንደተነካ ጽሑፉ ወዲያው ብቅ እንዲል አደረግኩት። መላኩ ከኋላ ቀስ ብሎ ይከተላል፤ ካልተሳካ ደግሞ ስህተቱ ማንም በማይከፍተው ፋይል ውስጥ ይመዘገባል። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ሁለተኛ ሳሳያቸው አጨበጨቡልኝ፣ እኔም በዚያው ረሳሁት።

ጥቂት ወራት ሁሉም ሠራ። ከዚያ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞተችና፣ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ይዛባ ጀመር። ሲስተር ደውላ ቀኑ ተበላሽቷል፣ ምን ላድርግ አለችኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ይሄም ጥያቄ ሆኖ ብዬ፣ «አስተካክዪዋ!» ብያት ዘጋሁባት።

አስተካከለችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየችና ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም በኛ አቆጣጠር ሞላችው። ምን ታድርግ? ካርድ ላይ የምትጽፈው በዚያ ነው፣ ሪፖርት የምታደርገው በዚያ ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። የሆስፒታሉን መታወቂያ ሲያየው ገና ወደፊት የሚሰጥ ወረቀት ሆነበት። አላመነውም፣ ምንም አልላከለትም። ምስጠራው ሥራውን በትክክል ነው የሠራው። የዋሸው የኔ አረንጓዴ ጽሑፍ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ደም እየፈሰሳት መጣች። የደሟ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ እንደልብ የማይገኘው። ሲስተር ሁሉን ሞልታ «ላክ» የሚለውን ነካች፤ ተልኳል አላት። ለማረጋገጥ ልትደውል ስልኳን አንስታ ነበር አሉ። የኔን ክልከላ አስታውሳ መልሳ አስቀመጠችው። አምቡላንሱ ሶዶ ሲደርስ የሚጠብቃት ደም አልነበረም። ለጋሽ ተፈልጎ እስኪገኝ ቀዶ ጥገናው ዘገየ። እናትየዋ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። ቀድሞ ቢታወቅ ይተርፍ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔን ግን አላጽናናኝም።

ግምገማ ተጠራ። ሲስተር ተነስታ ልኬያለሁ፣ ተልኳል ብሎኛል አለች። ደንግጣ ስለነበር እናትየዋን «እሱ» እያለች ተናገረች፣ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ወደኔ ዞሮ ባለሙያው ምን ትላለህ አለኝ። ያን ጠዋት ፋይሉን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ።

«የኮምፒውተሩ ቀን ተነካክቷል» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠው! እሷ አንዴ አየችኝና ተቀመጠች። አስተካክዪ ብሎኝ ነው እንኳ አላለችም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ብዙም ሳይቆይ ከበዴሳ ወዲያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። የሰው ልጅ ያስገደለች ነርስ የሚል ስምም አብሯት ሄደ። እኔ በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። ምን እንዳስተካከልኩ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

አምና ልነግራት ሄድኩ። እስከ በዴሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ስደርስ ስልክ ይዛ ነበር። ድምጿ ያው ነው፣ ግቢውን ሞልቶታል። ስለ አንዲት ወላድ ነው የምትናገረው፤ ስም ግን አልጠራችም፣ የካርድ ቁጥሯንና የደም ዓይነቷን ብቻ። የኔን ምክር ግማሹን ይዛዋለች። ስትጨርስ አልዘጋችም።

«ሰማኸኝ? እስቲ ድገምልኝ።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንድ በአንድ እስኪደግምላት ጠበቀችና ዘጋች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ያኔ ገባኝ። ለመረጃው ያን ሁሉ ጥበቃ ሳበጅለት ያቺን ጥያቄ ነው የነፈግኩት።

ገብቼ ነገርኳት። ጽሑፉን እንዴት እንዳስቸኮልኩት፣ ግምገማው ላይ ፋይሉን አይቼ እንደመጣሁ፣ ምንም አልደበቅኩም። እጇን እየታጠበች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያን ዕለት ፊትህን ሳየው አውቄያለሁ። ለእኔ ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል ወንድሜ? እነሱ ፊት ተናገረው።»

«እሺ ሲስተር።»

«ድገምልኝ።»

«እነሱ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።»

«ሰማሁ» አለችና ወደ ወላዷ ገባች።

ይሄው ዓመት ሞላው። ያ ግምገማ የተደረገበት አዳራሽ ከቢሮዬ ሦስት በር አልፎ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ስብሰባ እንገባበታለን። ሰብሳቢው ያው ነው፣ የሳቀውም ሰውዬ ያው አለ። በመጨረሻ ሁልጊዜ «ሌላ የሚናገር አለ?» ይባላል። እስካሁን እጄን አላወጣሁም።