ሩት እጇን እስክታነሳ

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ የሰሌዳ ማጥፊያውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ከክፍሉ ወጣ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደች፣ "ጋሼ፣ ኢሬዝ ላድርገው?" ብላ ጠይቃው ነበር። "ዛሬ አይጠፋም" አላት። ልጆቹ ጃኬታቸውን እየጎተቱ ሲበታተኑ እኔ ባዶ እጄን ሰሌዳው ፊት ቀረሁ። ሀ እስከ ሆ፣ ለ እስከ ሎ፣ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ እጅ ጽሑፉ፣ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ክፍሉ የእኛ አይደለም። ከኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተከራይተን ለልጆቻችን አማርኛ እናስተምርበታለን። ወንበሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ ሰሌዳው ይጠፋል፤ ውላችን ይኸው ነው። አባቴ ደግሞ በውል የሚቀልድ ሰው አይደለም። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜው ሰሌዳ ሳያጠፋ ሲወጣ አይቼው አላውቅም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ዛሬ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ቤት ብቻ ነው፤ ሁሉም አመድማ ቀለም የተቀባ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጋራዥ ያለው። እኔ ግን ይህን መሬት ሣር ብቻ ሆኖ ላሞች ሲግጡበት አውቀዋለሁ። የእኛ ሊሆንም ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሁለት ሺህ አሥር ትንሽ ፈቀቅ ባለ ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዴንቨር አጠገብ፣ እንግልውድ ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ማታ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ፤ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ሥራ እቀይራለሁ፣ የትምህርት መስክ እቀይራለሁ፣ ሲያትል ልሂድ ወይስ አትላንታ እያልኩ ካርታ አያለሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው። አባቴ፣ "ስም ያወጣሁልሽ ቀን ሳልጠጣ አልቀረሁም" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እሱም ከእኔ የባሰ ተንከራታች ነበር፤ ልዩነቱ እሱ የሚንከራተተው ሰሌዳ ይዞ መሆኑ ነው። አገር ቤት አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ኤርፖርት የሚመላለስ ታክሲ ነጂ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የኢትዮጵያውያን ማኅበራችንን ልጆች ያስተምራል። መጀመሪያ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት ጓዳ ነበርን፤ ልጆቹ ጥብስ ጥብስ እየሸተቱ ወደ ቤት ሲመለሱ እናቶች አጉረመረሙ። ከዚያ ሴንቴኒያል ከተማ ውስጥ የአንድ ሰው ጋራዥ ገባን፤ የክረምቱ ብርድ አባረረን። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራየን፤ ባለቤቶቹ ለሌላ ሰጡት። ሰሌዳው የሚያድረው ታክሲው ውስጥ ነበር። ሻንጣ የበዛበት መንገደኛ ሲመጣ አባቴ ሰሌዳውን ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ያቆመዋል፤ መንገደኛውም ሰሌዳ አቅፎ ኤርፖርት ይደርሳል። "ይቺን ሰሌዳ ግድግዳ ላይ በሚስማር መትቼ ልሙት" ይል ነበር። ሌላ ምኞት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የኮሎራዶ ስቴት መንግሥት ይህን የትምህርት ቤት መሬት ሊሸጥ ነው የሚለውን ወሬ ያመጣው ራሱ ነው፤ ታክሲው ውስጥ ከመንገደኛ ሰምቶ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ አሰፋ ወዲያው ማመልከቻ አርቅቀው መጡ። "የትምህርት ቤት መሬት ከሆነ እኛም ትምህርት ቤት ነን። እንዲሰጡን እንጠይቃለን" አሉ። ሦስታችን ዴንቨር መሀል ከተማ ወዳለው ቢሮ ሄድን። እኔ ተርጓሚ ነበርኩ።

ያነጋገረን ወጣት ትሑት ልጅ ነበር። ኮሎራዶ ስቴት ስትሆን ከየአካባቢው ቁራጭ ቁራጭ መሬት ለትምህርት ቤቶች ተብሎ እንደተሰጠ ነገረን። መሬቱ ግን ትምህርት ቤት የሚሠራበት አይደለም፤ ለትምህርት ቤት ገንዘብ የሚሠራ ነው። ለከብት ግጦሽ ይከራያል፣ ነዳጅ ይወጣበታል፣ አንዳንዴም ይሸጣል። የተሸጠበት ዋጋ አደራ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ዋናው አይነካም፣ የሚወልደው ብቻ ለልጆች ትምህርት ይውላል። "ስለዚህ ለማንም፣ ለጥሩ ነገርም ቢሆን፣ በነፃ መስጠት አንችልም። ለልጆቹ የተሻለውን ዋጋ ማምጣት አለብን። በጨረታ ግን ማንም መወዳደር ይችላል።"

ጋሽ አሰፋ ማመልከቻቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አባቴ ግን ደስ አለው። በመኪና ስንመለስ፣ "ላሟን ሳያርዱ ወተቷን መጠጣት ማለት ይኼ ነው። ድሮ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ እንል ነበር፤ እነዚህ ለተማሪ አሰቡለት" አለ። ማኅበሩ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ነበር። አባላቱ በጨረታው እስከ ስንት እንደምንሄድ ተመካክረው ልኩን ቆረጡ።

ከዚያ ያደረግነውን ነገር ከእኛ ሰው በቀር የሚያደርገው ያለ አይመስለኝም። ጨረታ ሊጫረቱ የተነሡ ሌሎች ሰዎች ጠበቃ ያነጋግራሉ። እኛ ድፎ ዳቦ አስጋግረን፣ መሬቱ ላይ ከብት የምታግድ ሴት አለች ሲባል ሰምተን፣ ልንተዋወቃት ሄድን። "ሰው ካለበት መሬት ቤቶች ሳይሉ አይገባም" አለ አባቴ።

ነሐሴ ነበር። ሣሩ ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ ነፋሱ አቧራና የከብት ሽታ ያመጣል። ሩት ትባላለች፤ ወደ ሰማንያ የተጠጋች ቀጭን ሴት፣ ከፒክአፕ መኪናዋ ዘላ ነው የወረደችው። ዳቦውን ተቀብላ አሸተተችውና ከመኪናዋ ፓሊሴድ በሚባል ቦታ የሚበቅል አንድ ሣጥን ኮክ አወጣች። በጎማ ቱቦ አጥባ አደለችን። ቆመን በላን፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ወረደ፤ ጋሽ አሰፋ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ሦስት በሉ። አባቷም እዚሁ መሬት ላይ ግጦሽ ይከራይ እንደነበር ነገረችን።

"ልትገዢው ታስቢያለሽ ወይ በያት" አለኝ አባቴ።

ጠየቅኋት። ሳቀችና፣ "ጨረታው ላይ እንገናኛለን" አለች።

በመልሱ መንገድ አባቴ፣ "ከአባቷ ጀምሮ" እያለ ለራሱ ይደጋግም ነበር። ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

የጨረታው ቀን ረቡዕ ነበር፤ ኅዳር ገብቶ በረዶ ጥሏል። በር ላይ ለሚገባው ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይታደላል። የእኛን እኔ ያዝኩ፤ አጫራቹ የሚናገረው እንደ ወንፊት እህል እየተጣደፈ ስለሚረግፍ የእኔ ጆሮ ይሻላል ተባለ። ጠረጴዛ ላይ ዶናት ተደርድሯል፤ ጾም ስለሆነ ጋሽ አሰፋ ጀርባቸውን ሰጡት። ሩት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ካርዷ ጭኗ ላይ ነው። ማዶ ደግሞ ስልኩን የማይለቅ የአንድ ቤት ሠሪ ድርጅት ሰው አለ።

ተጀመረ። ሰውየው ካርዱን አነሳ። ሌላም አነሳ። ዋጋው ከልካችን ገና ብዙ ይቀረዋል። ክንዴን ሳነሳ አባቴ የእጄን አንጓ ያዘኝ።

"ቆይ። ሩት ትጀምር።"

"አባዬ፣ ዋጋው እየሄደ ነው!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እሷ እጇን ካነሳች እኛ አናነሳም። ከአባቷ ጀምሮ የኖረችበት ነው። ኮኳን በልተን በላይዋ ዋጋ እንጨምርባት?"

"እውነቱን ነው፤ ነውር ነው" አሉ ጋሽ አሰፋ።

ሩት ዞር ብላ አየችን። ወደ አጫራቹ ተመለሰች፤ እንደገና ዞረች፤ ቅንድቧን ወደ ላይ ሳበች።

"ይኸው፣ እንዳንጫረት በዓይኗ እየለመነችን ነው" አሉ ጋሽ አሰፋ።

"ላንሳ?" አልኩ። አንጓዬ አሁንም በአባቴ እጅ ውስጥ ነው። ዋጋው ልካችን ላይ ደረሰ፣ አለፈው፣ የመዶሻው ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ።

ሩት ደጅ ላይ ጠበቀችን። ነፋሱ ነጭ ፀጉሯን ይበትነዋል። "ምን ሆናችሁ?" አለች። "እኔ ላሞቹን ሸጫለሁ፤ ወደ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። ዛሬ የመጣሁት እናንተ ስታሸንፉ ለማየት ነበር። እንዲያ በዓይኔ ስጠራችሁ!"

ለአባቴ ተረጎምኩለት። እያንዳንዱን ቃል፣ ሳላለሳልስ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። በመጨረሻ፣ "እግዜር ይስጥልኝ በያት" አለኝ።

አብሬያቸው አልተሳፈርኩም። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ኮልፋክስን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዝኩ፤ ደርሼ ሳልወርድ ተመለስኩ። ተናድጄ አለቀስኩ። መሬቱን ስላጣን ብቻ አልነበረም። ሰሌዳው ተመልሶ ታክሲው ውስጥ መግባቱ ነው ያንገበገበኝ፤ ያንን ሁሉ ዓመት የተመኘው ነገር ካርድ አንዴ ከፍ ቢደረግ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ማንም ላልጠየቀው ይሉኝታ ብሎ መተዉ። በኋላ፣ "ገንዘቡ የትም አልሄደም፣ ልጆች ዘንድ ነው የገባው" እያለ ሲጽናና ንዴቴ ይብስ ነበር። እውነት መሆኑ ደግሞ አናዳጅ ነው። ሲያትል ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ድርጅቱ ቤቶቹን ሠራ፤ ሰው ሲበዛ ይህ ትምህርት ቤት ተከተለ። የአባቴ ሰሌዳም እየተጋጨ እየተጫረ ከታክሲው ጋር አብሮ ጡረታ ወጣ።

ይኸውና ባለፈው ቅዳሜ በዚያው መሬት ላይ፣ ግድግዳው ላይ በተመታ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። አባቴ መኪናዬ ውስጥ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል፤ ኪሱ አብጧል።

"አባዬ፣ ማጥፊያውን ስጠኝ። ሰኞ ጠዋት ሌሎች ልጆች ይገባሉ።"

"እነሱስ ልጆች አይደሉም? ይዩት።"

"የክፍሉ አስተማሪ ትቆጣለች።"

አባቴ በመስኮቱ ወደ ቤቶቹ አየ። ሣሩ ወደነበረበት፣ ሩት ኮክ ወዳጠበችበት በኩል።

"ትቆጣ" አለ።

ይህን ቃል ከእሱ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ ያኔ ነው የገባኝ። መኪናውን አስነሳሁ።