የለቅሶው ዌብሳይት ወራሽ

ጋሼ ክፍሉ ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን ያስጨነቃቸው የታመመው ልባቸው አልነበረም፤ ዌብሳይታቸው ነበር።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሐበሻ ሰው ሲያርፍ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ፣ ለቅሶው የማን ቤት እንደሚቀመጥ የሚታየው እሳቸው በከፈቱት ገጽ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ሳንታ ሞኒካ፣ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ነው፤ ይህን ሥራ ግን ማንም ሳያዛቸው ጀመሩት። የሟቾቹ ፎቶ ሁሉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ለቀብር መምጣት ያልቻሉ አገር ቤት ያሉ እናቶች የልጃቸውን ፊት የሚያዩት እዚያ ነው።

የገጹ ስም፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻው፣ ግን በየጊዜው የሚታደስ የኪራይ ነው። ባለቤቱ ሞቶ የሚያድሰው ከጠፋ ለፈለገው ሰው ይሆናል። ጋሼ ክፍሉ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። የሌላ ከተማ ማኅበር ገጽ በስሙ የነበረው ሰው በድንገት አረፈ፤ ወዳጆቹ የሙት ዓመቱን ቀን ሊያዩ ሲገቡ የቁማር ማስታወቂያ ተቀበላቸው።

«እታለም፣» አሉ ለባለቤታቸው፣ መድኃኒት ገዝተው በፌርፋክስ መንገድ በመኪና ሲመለሱ። «እኔ የሞትኩ እንደሆነ...»

«አታሟርት!» እታለም መሪውን በመዳፋቸው መቱት። «ገና ከአልጋ መነሣትህ ነው።»

«ፓስዎርዱን ብቻ ያዢልኝ። የሚጠይቀው የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣውም በእኔ ስልክ ነው፤ ስልኩን እንዳታዘጊው...»

«አልሰማሁም! ሌላ ወሬ የለህም?»

የቀራቸው የእህታቸው ልጅ ካሌብ ነበር። ካሌብ ቫን ናይስ የሚኖር የኮምፒውተር ሰው ነው።

«ኦኬ ጋሼ፣ ቀላል ነው። አሁኑኑ ወደ እኔ ትራንስፈር እናድርገው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሥራና ልይህ» አሉት።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ለይኩን የሚባሉ የዌስት አዳምስ ሰፈር ሰው አንድ ጠዋት አረፉ። ካሌብ ፎቷቸውን አስተካክሎ፣ ካርታ ጨምሮ፣ አሳምሮ ለጠፈው። ጋሼ ክፍሉ ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ደውሎ «ሁሉም ተረድተዋል» ሳይላቸው ለጥፈው አያውቁም። የሟች ልጅ ፍናን ሥራ ላይ ነበረች። ዘመዶቿ ተሰብስበው ሊያረዷት መንገድ ላይ ሳሉ የአባቷን ፎቶ በስልኳ አየችው፤ ብቻዋን፣ በምትሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆማ።

«እኔ... ሰው ቶሎ እንዲያውቅ ብዬ ነው እኮ» አለ ካሌብ፣ ጋሼ ክፍሉ ሲደውሉለት።

«ቶሎ ማሳወቅማ ማን ያቅተዋል» አሉና ስልኩን ዘጉት። የገጹ ስም ከእኔው ጋር ቢቀበር ይሻላል ብለው ያሰቡት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ካሌብ ወንበር ተሸክሞ ሲያስገባ አገኙት።

«ፖስተኛው! ዛሬስ የማንን መርዶ ይዘህ መጣህ?» አለው የሟች ወንድም።

ካሌብ አንገቱን ደፍቶ ወንበሩን ዘረጋ። ፍናን ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አለችለት። «ቁጭ በል» አለችው።

ቁጭ አለ። ለቀስተኛው ተመናምኖ እስኪያልቅ አልተነሣም።

ጋሼ ክፍሉን ወደ ቤት ሲያደርሳቸው፣ «ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ስጠው» አለ። «ከእንግዲህ ልለጥፍ ብል እጄ የሚታዘዝልኝ አይመስለኝም።»

«የእኔም ታዞልኝ አያውቅም» አሉ። «ና ግባ፤ ኮምፒውተሩን ክፈተው።»

ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የገጹን ስም ወደ ካሌብ አዛወሩት። ኮዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በካሌብ ስልክ ገባ። መድኃኒትና ውኃ ይዘው የመጡት እታለም ከኋላቸው ቆመው ያያሉ። ባላቸው ክኒኑን እስኪውጡ ጠብቀው ብርጭቆውን ተቀበሉ።

«ካሌብ፣ ስልክህን ቶሎ ታነሣለህ?»

«አነሣለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ያ ቀን ሲመጣ እኔ ሳልደውልልህ ምንም እንዳትለጥፍ» አሉት፤ ወደ ባላቸው ሳያዩ። «ማን ማን አስቀድሞ መረዳት እንዳለበት የማውቀው እኔ ነኝ።»