ጥሩሰውን አንቱ ያሉት ጊዜ

ድሬዳዋ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም። የሰባት ዓመት ልጅ የሰባ ዓመቱን ሽማግሌ «አንተ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይለዋል፤ ሽማግሌውም ቅር ሳይለው ሰዓቱን አይቶ ይነግረዋል። ከደጋ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሰሞን ይደነግጣል፣ ከዚያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይለምደውና አገሩ ሲመለስ አማቱን «አንቺ» ብሎ ጉድ ይፈላል። ይህ ታሪክም በከተማው ወግ ጥሩሰውን «እሱ» እያለ ይቀጥላል፤ ሥልሳ አንድ ዓመቱ ነው ብሎ የሚያሽቃብጥለት የለም።

ለዚህ ነው ዕዝራ የአርባ ዓመት ጓደኛውን ቀና ብሎ አይቶ «እንደምን ዋሉ፣ ሙሴ ጥሩሰው? ይቀመጡ እንጂ!» ያለው ዕለት ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ ዕዝራን ያየው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ በረድ ብላ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ሰዓት። ቦታው ደቻቱ ድልድይ አጠገብ፣ እፀገነት አረቄ ቤት ደጃፍ፣ ኒም ዛፉ ሥር ነው። ጥሩሰው በእጁ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ሙሴ» የምትለዋን ቃል ዕዝራ ዝም ብሎ አላመጣትም። ሁለቱም ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ጥሩሰው በያጅ፣ ዕዝራ መካኒክ። ወርክሾፑ ውስጥ የፈረንጅ አለቃ «ሙሴ» ይባል ነበር። ሙሴ የተባለ ሰው ከሠራተኛ ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፤ ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል፣ ሲሄድ ወሬ ይቀጥላል። በዚያ ላይ መጽሐፉም የሚያውቀው ሌላ ሙሴ አለ፣ ከውሃ የወጣው። ጥሩሰው ከአምስት ቀን በፊት ከውሃ አፍ ወጥቷልና ምላሰኛው ዕዝራ ሁለቱን ሙሴዎች በአንድ ቃል ጠቀለላቸው።

የውሃው ነገር እንዲህ ነው። ጥሩሰው አራት መለኪያ ዳግም ጠጣ፤ ዳግም ሁለት ጊዜ የወጣው አረቄ ነው፣ እፀገነት ደግሞ ስታወጣው እጇ አይሳሳም። ወደ ቤቱ ሲሄድ ድልድዩ ሩቅ መሰለውና በደቻቱ አሸዋ ላይ ላቋርጥ አለ። ደቻቱ ጎርፍ ካልወረደበት በቀር ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ወንዝ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። መሐሉ ላይ ሲደርስ ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀመጠ፣ ከዚያ ተኛ። የድሬ ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ወዲያ ተራራው ላይ ነው። የጎርፉን ድምፅ ቀድማ የሰማችው ድልድዩ ጥግ ሻይ የምትሸጠው ሃዎ ናት። ቀሚሷን ሰብስባ ወርዳ፣ በእርግጫ ቀስቅሳ፣ በሸሚዙ አንገትጌ እየጎተተች ዳር አወጣችው። አንድ እግር ጫማው ከጎርፉ ጋር ሄደ። ሃዎም አንድ ብርጭቆ ሻይ ሰጠችው፤ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር እየተጋጨ ጠጣው።

ከዚያ ቀን በኋላ አረቄ አልነካም። በማንም አልማለም፣ እስከ ቁልቢ በእግሬ እሄዳለሁ ብሎም አልተሳለም። ቆረጠ፣ በቃ። ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ የደረሰች ሴት ናት፤ ደስ ብሏት «አባዬ፣ አሁን እንግዲህ ማታ ማታ እቤትህ ቁጭ ብለህ ቴሌቪዥን ታያለህ» አለችው። እሷ ምን ታድርግ፤ አረቄ የተወ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ከጠረጴዛው ይጠፋል። ጥሩሰው ግን በዚህ በኩል ግትር ሆነ።

«አረቄውን ነው የተውኩት» አላት። «ሰዎቹ ምን አደረጉኝ?»

እናም አራት ቀን ሰውነቱ እስኪረጋጋ እቤቱ ቆይቶ በአምስተኛው ቀን ከሃዎ ሻይ ገዛና ብርጭቆውን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የጠበቀው ሳቅና ቀልድ ነበር። ያገኘው አንቱታ ነው።

«ዕዝራ፣ ምን ሆነሃል?» አለው።

«እኔማ ምን እሆናለሁ! እኔ የምሰጋው ለእርስዎ ነው። ከተራ ሰው ጋር ተቀምጠው ስምዎ እንዳይጠፋ።»

ከወዲያ በኩል ፋራህ ጉሮሮውን ጠረገ። ፋራህ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የነበረ ሶማሌ ነው፤ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም። አረቄ ቤት ውስጥም አይገባም። ጠረጴዛው ከቤት ወጥቶ ኒሙ ሥር የተቀመጠውም ከብዙ ዓመት በፊት ለሱ ሲባል ነው፤ በዚያው ቀረ።

«ዋርያ ዕዝራ» አለ ፋራህ፣ «እኔስ ሻሂ አይደል የምጠጣው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አንቱ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አንተማ ሃይማኖትህ ነው። አንድም ቀን ጠጥተህ አልተውከንም። እሳቸው ግን ጠጥተው ነው የተዉት። አሁን እኛ ስንጠጣ ቁጭ ብለው ሊቆጥሩልን ነው የመጡት።»

ጥሩሰው ልቡ ተሰበረ። አረቄ ስለተወ ይሳለቁብኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይፈርድብናል ብለው ይሸሹኛል ብሎ ግን አላሰበም። ሻዩን እየፈጀው እዚያው እንደቆመ ጨለጠው።

«ነገም እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ከነገ ወዲያም መጣ። ችግሩ ሻይ መጠጣት አለማወቁ ነው። አረቄ ሲሆን ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጎ አረፋውን በማየት ብቻ ጥራቱን የሚለይ ሰው፣ ሻይ ለሱ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነበር። እንደ መለኪያ አንዴ ከፍ አድርጎ ይጨልጠዋል፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ይቀመጣል። ሃዎ ከወዲያ ማዶ ሆና ስታየው ቆይታ አንድ ቀን አላስቻላትም።

«አደር» አለችው፤ በሶማሌኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «ሻሂ እንዲህ አይጠጣም። ጠላትህ ነው እንዴ? ቀስ በል፣ አፍህ ውስጥ ትንሽ አቆየው።»

«ቀስ ስል ምንም አይለኝም። ውሃ ነው።»

«ቆይ፣ የሚልህን እኔ አገኝልሃለሁ!»

በወተት አፍልታ ሄልና ቀረፋ ጨምራ ሰጠችው፤ የአራስ ነው አላት። በግመል ወተት ሞከረችለት፤ ጣዕሙን ወዶት ነበር፣ ግን ሌሊቱን ሆዱ ሲያሯሩጠው አደረ። የቡና ገለባ በወተት አፍልታ ሆጃ አቀረበችለት፤ እሱንም ቀመሰና እንደ አማች በትሕትና መለሰው። በመጨረሻ ዝንጅብሉን ከነልጣጩ ወቅጣ፣ ቅርንፉድ ጨምራ፣ ወተት የሚባል ሳይነካው ጥቁር አድርጋ አንተከተከችው። ጥሩሰው አንድ ጊዜ ፉት አለና አሳለው፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ለመጀመሪያ ጊዜም ፊቱ ፈካ።

«ይሄ ይናከሳል» አለ። «የዝንጅብሉን እጥፍ አድርጊው።»

ይህችን ሻይ ራሱ «ዳግም» አላት። ከዚያ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ «ሃዎ፣ ዳግም አምጪልኝ!» ብሎ ሲጣራ የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ይስቃሉ፤ ፋራህም ከሱ ጋር እሷኑ ማዘዝ ጀመረ። እፀገነት እንኳ፣ አንድ ጠጪ የጎደለባት ባለቤት፣ ወንበሩን ለሌላ ሰው አልሰጠችበትም። ዕዝራ ብቻ እንደጠዋቱ ነው። «ሙሴ፣ ዝንጅብሉ ተስማማዎት?» ይላል፤ «ሙሴ፣ እኛ ሁለተኛ ልናዝዝ ነው፣ ይመዝግቡልን» ይላል። ጥሩሰው አይቆጣም። ብርጭቆውን አስቀምጦ «አንተ ዕዝራ» ብሎ ይመልስለታል፣ በየቀኑ፣ ሳይሰለች። ቤቱ ሲገባ ግን ራት አይበላለትም ነበር። አርባ ዓመት አንድ ላይ ሠርተው፣ የዕዝራን ሚስት አንድ ላይ ቀብረው፣ አሁን እንደ ፈረንጅ አለቃ መታየት ያንገበግበዋል።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ከረረ። ጥሩሰው የልጁን የፈረቃ አውቶቡስ አይቶ ሰላም ሊላት ተነሥቶ ሄደ፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሲመለስ ፋራህ ሶላቱን ሊያደርስ ሄዷል፤ የቀሩት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ኒሙን ያያሉ። ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አፍንጫው አረቄውን ቀድሞ አወቀው።

አፉ ምራቅ ሞላ። እጁም ብርጭቆውን አልለቅም አለ። እዚች ብርጭቆ ውስጥ ያለችው አንድ መለኪያ ብትሆን ነው። አንዴ ፉት ቢላት ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል፣ ዕዝራ ጀርባውን ይደልቀዋል፣ «አንተ ሰውዬ!» ይለዋል። ሁለት ወር ሊሞላው ሲል የናፈቀው ነገር ሁሉ፣ አረቄውም ጓደኛውም፣ በአንድ ብርጭቆ ተቀድቶ ቀርቦለታል። ማንም አይፈርድበትም ነበር።

«እፀገነት» አለ፤ «ይሄ ሐሙስ ያወጣሽው አረቄ ነው። ብቅሉ ትንሽ አሯል።»

«በእመቤቴ፣ እኔ አልቀዳሁልህም!» አለች እፀገነት ከውስጥ እየሮጠች ወጥታ።

«አውቃለሁ።»

ብርጭቆውን ኒሙ ሥር ገለበጠው። መንገዱን ተሻግሮ ሃዎ ባልዲ ላይ ራሱ አለቀለቀው፣ ሌላ ሻይ አስቀዳ፣ ተሻግሮ ተመለሰና እዚያው ወንበር ላይ፣ ከዕዝራ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«የት ደርሰን ነበር?» አለ።

ዕዝራ ፊቱ ደም ለበሰ፤ የጀመረውን መለኪያ እንኳ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ዕዝራ አልመጣም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። «አኩርፎ ነው፣ ሌላ ቤት ይዞ ይሆናል» አሉ። እፀገነት ግን ጥሩሰውን ለብቻው ጠርታ «አኩርፎም ቢሆን ጠርሙሱን ይልክ ነበር» አለችው። «ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላስቀዳም። ሌሎቹንም ቤቶች ጠየቅኩ።» ጥሩሰው ይህን ሲሰማ ደነገጠ። አረቄ በተወ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ራሱ እቤቱ እንዴት ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው እንደነበር ከልጁ በቀር የሚያውቅ የለም።

በነጋታው ማለዳ ሃዎ ፔርሙዝ ሞላችለት፤ በባጃጅ ወደ ዕዝራ ሰፈር፣ ገንደ ቆሬ ሄደ። የዕዝራ በር አልተቆለፈም። ዕዝራ በዚያ በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ ትራሱን አርሶታል። ማን እንደገባ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይሂዱልኝ» አለ።

«አልሄድም።»

«ይሂዱ አልኩ! ሰው በዚህ ሁኔታ አይታይም።»

ጥሩሰው በርጩማ ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ዕዝራ ግድግዳውን እያየ ተናገረ።

«ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሦስት ጊዜ፣ ለማንም ሳልነግር። ከአንድ ቀን አልፌ አላውቅም። እርስዎ ሻይዎን ይዘው ሲመጡ… በየቀኑ ሲመጡ… ጠላሁዎት። ለዚህ ነው አረቄውን የጨመርኩብዎት። ቢጠጡልኝ ኖሮ እኔ አርፍ ነበር።»

ጥሩሰው አለቀሰ። ሊደብቀውም አልሞከረም። ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ከፔርሙዙ ቀዳ።

«ይሄን ፉት ትላለህ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ባጃጁን አስቁሜዋለሁ» አለው። «ይሄ ነገር ለብቻ አይሞከርም፣ ይገድላል። ባለሙያ ይይህ። ማታም እዚህ ነው የማድረው።»

ዕዝራ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተደገፈ። ብርጭቆውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፣ ሻዩ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛም ሞከረ፣ አልሆነም። አርባ ዓመት የባቡር ፍሬን የፈታና የገጠመ እጅ ነው። እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀ።

ጥሩሰው አንድ እጁን ከማጅራቱ ሥር አድርጎ ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋለት። ዕዝራ ፉት አለ፣ ትን አለው፣ አሳለ፤ እንባውና ንፍጡ ተደባለቀ።

«ቀስ በል እንጂ» አለ ዕዝራ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አቃጠልከኝ!»

ጥሩሰው ብርጭቆውን መለስ አድርጎ እፍ፣ እፍ አለበትና እንደገና አስጠጋለት።