ሰማያዊው ቡሀቃ

መርሳ ውስጥ ሲቲን የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚያውቋትም በመጸየፏ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዳ ውሃ ቢሰጧት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ አዟዙራ ታየዋለች፣ አፉን በሻርፗ ጫፍ ትወለውላለች፣ ከዚያም ሳትጠጣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ባሏ አብዱልሐሊም፣ አላህ ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ ከገበያ ሲመለስ እግሩን ሳይታጠብ ደፍ አልፎ አያውቅም። ጎረቤቶቿ፣ ሲቲ ጀነት ብትገባ መጀመሪያ በሩን ነው የምትጠርገው እያሉ ይስቁባታል። እሷ ቅርም አይላት። ሼህ የነበሩት አባቷ ከልጅነቷ ያስያዟት ነገር ነው፤ ነጃሳ፣ ማለት ርኩስ ነገር፣ የነካው ዕቃ ጠራ የሚባለው ሦስት ነገር ሲለቀው ነው፤ ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ።

ጦርነቱ እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ቤት ነው የገባው።

በ2013 ክረምት ታጣቂዎቹ ከወልድያ በዋናው መንገድ ቁልቁል ሲመጡ ሲቲ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ ከሰው ጋር ወደ ዳገቱ ወጣች። ወራቱን ያሳለፈችው ግራና ከምትባለው ከተማ በላይ በአንድ የዘመድ ጎጆ ውስጥ ነው። እዚያ ከነልጆቹ ከነሽማግሌው በአንድ ጣሳ ጠጣች። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትጠጣው። ላያስችል አይሰጥም፣ ቤቴ ስገባ ይወጣልኛል እያለች ቻለችው። ታኅሣሥ ላይ ለቀው ሄዱ ሲባል ከሁሉ ቀድማ ወረደች።

ገና ደጅ ሳለች ሽታው ወጥቶ ተቀበላት። ውስጥ ያየችውን ልንገራችሁ፤ የማይችል ሰው ይችን አንቀጽ ይለፋት። ሳሎኑ ውስጥ በሬ ታርዶበታል። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቆ ጠቁሯል፣ ፈርሱ ጥግ ላይ ተከምሮ ትል ያርመሰምሰዋል። መኝታ ቤቱን መጸዳጃ አድርገውታል። መጸዳጃው እኮ ጓሮ አለ፣ በሩም ክፍት ነው! ፍራሹ ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳይቀር ተጸዳድተዋል። የመስገጃዋን ምንጣፍ ምን እንደጠረጉበት አልናገርም። ወጥ ቤት ስትገባ ሊጥ የምታቦካበት ሰማያዊ የፕላስቲክ ቡሀቃ ክዳኑ ተገጥሞ፣ እንደ ደህና ጊዜ ተቀምጧል። እሱ እንኳ ተርፎልኝ ይሆናል ብላ ከፈተችው።

ሊጥ አልነበረም።

እናት የወለደችው ሰው፣ ሊጥ የሚቦካበት ዕቃ ላይ ተቀምጦ ሲጨርስ ክዳኑን ይገጥማል? ሲቲን ከሁሉ ያንገበገባት መክደናቸው ነው። የከደነው ሰው የሚከፍተውን እያሰበ፣ እየሳቀ ነው የከደነው። ያስመለሳት እዚያው ነው። ከዚያ ረጅም ዱላ ፈልጋ በጆሮው በኩል አስገባችና ቡሀቃውን ፊቷን አዙራ እየጎተተች ከጓሮው ጀርባ ወዳለው ገደል ወሰደችው። የተሰነጠቀውን ከንፈሩን አብዱልሐሊም በሽቦ ሰፍቶላት ነበር። ስፌቱን አየችው፤ አሁንም ፊቷን አዞረችና ገፋችው። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው የሻረግ ሁሉንም ቆማ ታይ ነበር።

ሲቲ ያን ዕለት ቤቱን አቃጥላ ብትሄድ ደስ ባላት። ግን ልጇ አለች። ፈይሩዝ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ወልድያ ላይ ከባሏ ጋር የተከራየችው ክፍል በሩም ቆርቆሮውም ተነቅሎ ተወስዷል፤ ጤና ጣቢያውም አልጋ እንኳ አልቀረለት። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። በስንት ልመና በተገኘ ባጃጅ መርሳ መጣች፣ ሆዷን ደግፋ ደፉ ላይ ቆመች፣ አሸተተች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«እማ፣ እዚህ ውስጥ አልወልድም» አለች። «ሜዳ ላይ ይሻለኛል።»

የእናቷ ልጅ ናት፤ ማንን ልትመስል? የሻረግ ፈይሩዝን እጇን ይዛ ወደ ራሷ ቤት አስገባቻትና ሰሌን ላይ አስተኛቻት። የሻረግ ራሷ ምን አላት? ባሏ ደሞዜ እንደዘመተ አልተመለሰም። ቤቷን እንደ ሲቲ ቤት አላቆሸሹትም፤ ጠርገው ወሰዱት እንጂ። ድስት የለ፣ ሳፋ የለ፣ ማንኪያ የለ። የቀራት ግድግዳውና ምድጃው ነው።

ቤቱ ይታጠብ ቢባል በምን? ሱቆቹ ተሰባብረው ባዶ ናቸው፣ ሳሙና ያለው የለም። ሲቲ ግን ሳሙና ሱቅ ከመግባቱ በፊትም ሰው ይታጠብ እንደነበር ታውቃለች። ታጣቂዎቹ በከፊል ያቃጠሉትን የበሯን መቃን ጨምሮ ያገኘችውን እንጨት አነደደችና አመዱን ነፋችው። ታቹ በተበሳ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ አመዱን ሞላችበት፣ ከላይ ውሃ በቀስታ አፈሰሰች። ከታች የተንጠባጠበው ቡናማ ውሃ ጣት ላይ ያሟልጫል፣ ቁስል ካገኘ ያቃጥላል። ቅባትና ደም እሱን አይችለውም። ከአጥሩ ላይ የእንዶድ ፍሬ ለቅማ፣ አድርቃ፣ አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ እያስነጠሰች ወቀጠችው፤ ውሃ ሲነካው አረፋው ከሱቅ ዱቄት ሳሙና አያንስም። ጓሮዋ ካሉት ዛፎች ታጣቂዎቹ ብርቱካኑን ልጠው ጨርሰውታል፤ ሎሚው ግን ኮምጥጦባቸው ቀርቷል። ሎሚውን ከጨው ጋር ለሽታ አዘጋጀችው።

ከዚያ ጀመረች። ፈርሱን በአካፋ አወጣች፣ ፍራሹን ጓሮ አቃጠለች፣ ግድግዳውን በአሸዋና በቃጫ ፈተገች። እየፈተገች ትራገማለች፣ እየተራገመች ትተፋለች፣ ተፍታ ስትጨርስ ደግሞ የተፋችበትን ትፈትጋለች። የአመዱ ውሃ የእጇን ቆዳ ላጠው። ማታ ማታ እጇን ታሸተዋለች፤ ይሸታል ትላለች፣ ሎሚ ታሽበታለች፣ ሲያቃጥላት ትጮኻለች። ቤቱን በአመድ ውሃ አጥባ በእንዶድ ትደግመዋለች፣ በሎሚ ትሠልሰዋለች፣ ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን እንደ ውሻ ታሸታለች። ያን ጊዜ ያያት ሰው አብዳለች ባለ።

ወሬው ሲሰማ የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ጠየቋት። ለሁሉም አሳየቻቸው፣ ከሁሉ ይበልጥ ለየሻረግ። እጇን ይዛ፣ እንዲህ ዘፍዝፊው፣ እንዲህ እሺው፣ ፀሐይ ላይ ሳታውይው እንዳትነኪው እያለች አስተማረቻት። የማይጠራ ነገር የለም፣ የማይፈትግ ሰነፍ ነው እንጂ ትላት ነበር። ይህን ቃል ያዙልኝ።

የሲቲ ወጥ ቤት ገና ስላልጠራላት የሚበሉት የየሻረግን ዳቦ ነበር። በእርዳታ ስንዴ የተጋገረ፣ ገና እንፋሎቱ ያልወጣለት ዳቦ በየማለዳው በጨርቅ ተጠቅልሎ በአጥሩ ላይ ይመጣል። በሰው ቤት ውሃ የማትጠጣው ሲቲ የየሻረግን ዳቦ ያለ ስጋት በላች። ማጠብ ያስተማረቻት ራሷ ናታ! እንዲያውም ለሴቶቹ፣ ሙያ ማለት የየሻረግ ነው፣ ንጹሕ እጅ እንዲህ ይጣፍጣል እያለች ታወራ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

ቤቱ ደርቆ በወይራ ጭስ ከታጠነ በኋላ ፈይሩዝን ጠራቻት። ፈይሩዝ ደፉ ላይ ቆማ አሸተተች። ገባች፣ መኝታ ቤቱ ጥግ ሄዳ አጎንብሳ አሸተተች።

«እውነት ጠርቷል፣ እማ?»

«ቀለሙም ሽታውም የለም» አለች ሲቲ። «በአባቴ ሃይማኖት እምልልሻለሁ፣ ጠርቷል።»

በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሳሚራ አሏት። በአመድ ውሃ በተቀቀለ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ያ ሁሉ ጉድ በነበረበት ክፍል ውስጥ እናቷ ጎን ተኛች። ሲቲ ከዚያ ክፍል ደፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ እግር ታጠብ እያለች፣ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

አንድ ቀን ማለዳ ዳቦው የሚጠቀለልበትን ጨርቅ ልትመልስ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ የሻረግ ጓሮ ዘለቀች። የሻረግ በርከክ ብላ እስከ ክንዷ ሊጥ ውስጥ ገብታ ታቦካለች። ሊጡ ያለው ሰማያዊ ቡሀቃ ውስጥ ነው። ከንፈሩ በሽቦ ተሰፍቷል።

ጨርቁ ከሲቲ እጅ ወደቀ። ያን ሁሉ ማለዳ የበላችው ዳቦ፣ ፈይሩዝ በእርግዝናዋ የበላችው፣ አራስ ሆና የበላችው፣ ወተት ሆኖ ሕፃኗ አፍ የገባው! ምራቋ አፏን ሞላው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከገደሉ ሥር» አለች የሻረግ። እጇን ከሊጡ አላወጣችም። «እትዬ፣ ሌላ ምን ዕቃ አለኝ?»

«ምን እንደነበረበት አይተሻል! አይተሽ ነው ያበላሽን?»

«አይቻለሁ። በአመዱ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በእንዶዱ አሸሁት፣ በሎሚው ደገምኩት፣ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። አንቱ እንዳሳዩኝ ነው፣ አንድም አላጎደልኩ። ብነግርዎ አይበሉም፤ ታዲያ ፈይሩዝ ምን በልታ ትውለድ?» ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም፤ ክፋት ቢኖር ለሲቲ ይቀላት ነበር። «አይጠራም ካሉኝ አሁን ወስጄ እጥለዋለሁ። ግን እሱ ካልጠራ የፈይሩዝ ክፍልም አልጠራም።»

ሲቲ መሳደብ ፈለገች፤ ስድቡ ዞሮ የሚያርፈው ራሷ ላይ ነው። ያው አመድ፣ ያው እንዶድ፣ ያው ሎሚ። ልጇን ያስተኛችው፣ በአባቷ ሃይማኖት የማለችው በዚያው ነው። በቀዳዳው ተመለሰች።

ፈይሩዝ አልጋዋ ላይ ሕፃኗን እያጠባች የትላንቱን ዳቦ ትቆርሳለች። የእናቷን ፊት አየችና እጇ አፏ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ሸተተሽ እንዴ ቤቱ?»

ያችን ጥያቄ ነበር ሲቲ የፈራችው። እውነቱን ብትናገር ፈይሩዝ የአራስ ገላዋን ይዛ፣ ሕፃኗን ታቅፋ በዚያች ደቂቃ ትወጣለች፤ የምትወጣበት ደግሞ የለም። ሲቲ ተጠጋችና ከዳቦው ቆረሰች። ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው፤ ነጭ ነው። አሸተተችው፤ የስንዴ ሽታ ነው። አባቷ ያስያዟት ሦስተኛው ነገር ቀረ። አፏ ውስጥ ከተተችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አኘከች፣ ዋጠች። ዳቦው ይጣፍጥ ነበር። ከሁሉ የቀፈፋት መጣፈጡ ነው።

«ቤቱ ምንም አይሸትም» አለች። «ብይ።»

ፈይሩዝ በላች።

በማግስቱ ማለዳ ሲቲ ጣሳ ሙሉ የአመድ ውሃና የቀረውን የእንዶድ ዱቄት ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። የሻረግ ልታቦካ ዱቄቱን ስታዘጋጅ አገኘቻት። ሲቲ ቡሀቃውን ከፊቷ ሳበችው፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ያን በዱላ የጎተተችውን ዕቃ በባዶ እጇ ታሽ ጀመር። እየተቀፈፈች፣ ፊቷን አጨማዳ፣ በየሽቦው ስፌት መሃል ጥፍሯን እያስገባች አሸችው። የሻረግ ጎን ቆማ ውሃ አቀበለቻት። ስትጨርስ ሲቲ አፍንጫዋን ቡሀቃው ውስጥ ከተተች፣ ቀና አለች።

«በይ አሁን አቡኪ» አለች። «አራሷ ርቧታል።»